የሐዘኑ ዳቦ አልሻግት ያለበት ክረምት

ከዚህ በፊት ያወራሁላችሁን ካላመናችሁኝ ይህንንም አትመኑኝ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ። የአገሩን ስም አልነግራችሁም። ልደብቃችሁ ፈልጌ አይደለም፤ ስም የለውም። ሽማግሌዎቹ አንዴ ስም ሊያወጡለት ተሰብስበው ነበር፤ ብዙ ስም ቀረበ፣ በሁሉም ተጣሉ፣ ከዚያ ወዲህ «እዚህ» እየተባለ ቀረ። የአገሩ ሰው «ከየት መጣህ?» ሲሉት «ከእዚህ» ይላል። እንግዳ ግራ ይገባዋል። እኛ ግን ተግባብተናል።

እኔ እዚያ ዳቦ አመላላሽ ነበርኩ። ጋጋሪው ጓንጉል ይጋግራል፣ እኔ በቅርጫት ተሸክሜ በየቤቱ አደርሳለሁ። ትምህርትም አላጣሁም። እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ አምስተኛን ደግሞ በር ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ። ስሜ ጣሴ ነው፤ አገሬው ግን «ቀልማዳው» ይለኛል። እውነት ሳወራም ስለሚስቁ፣ እውነት የማውራት ልማድ ብዙም አልያዘኝም።

በ«እዚህ» ቀን የሚቆጥረው ዳቦ ነው። ድሮ ቀን ቆጣሪ ሹሞች ነበሩ አሉ። የወዳጃቸውን እስር ያሳጥራሉ፣ የጠላታቸውን ይለጥጣሉ፣ የራሳቸውን ሹመት ደግሞ መቁጠር ይረሳሉ። ሕዝቡ መረረውና እነሱን አሰናብቶ ነገሩን ለሻጋታ ሰጠ። ሻጋታ ጉቦ ሲቀበል ያየ ሰው የለማ! እናም አንድ ነገር ሲጀመር፣ ሐዘንም ይሁን እስራት፣ ጠብም ይሁን ሹመት፣ ያን ዕለት ከተጋገረው አንድ ዳቦ ተነስቶ በባለጉዳዩ ደጅ፣ ክዳን ባለው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። «ቆጣሪ» ይባላል። ቆጣሪው አረንጓዴ ጠጉር ሲያበቅል ነገሩ አበቃ። ሐዘንተኛ ጥቁሩን ያወልቃል፣ እስረኛ ይፈታል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ሹም ወንበሩን ይለቃል። ሕጉ አጥብቆ የሚያዘው አንድ ነገር ነው፤ ቆጣሪው ሕዝቡ ከሚበላው ከዚያው ቡኮ መሆን አለበት። ለብቻው የተቦካ እንደሆነ ማጭበርበር ነው።

መሻገቱን የሚያረጋግጠው ሊቀ ሻጋታ ይርሳው ነው። በየማለዳው ይዞራል፣ ዳቦውን ያሸታል፣ በትንሿ ጣቱ ጥፍር ጫር ያደርጋል፣ ከዚያ «ገና ነው» ወይም «አልቋል» ብሎ ያልፋል። ሌላ ነገር ሲናገር የሰማው ጥቂት ሰው ነው። ሚስቱን ሲያጭም አሽትቶ «ገና ናት» ብሎ ተመለሰ፣ በዓመቱ ነው የወሰዳት ይባላል። የሚባለው በእኔ ነው።

ክረምት ላይ ሻጋታ ይፈጥናል። ስለዚህ ብልጥ የሆነው ጠቡን ለክረምት ያቆያል፤ ዛሬ ተሳድቦ ብዙ ሳይቆይ ይታረቃል። ሹመት የሚፈልግ ደግሞ በጋውን ይጠብቃል። ችግሩ፣ የሚበላውም ዳቦ ከቆጣሪው እኩል መሻገቱ ነበር። ድሃው ፍቆ ይበላል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ልጆች ሌቱን ሲያስመልሱ ያድራሉ። ጓንጉል ግማሹን ዳቦ ለአህያው ይሰጥ ነበር፤ አህያው አሽትቶ ፊቱን ያዞርበታል። ሰውዬው በዚህ ነገር ከልቡ ያዝን ነበር፤ ከአህያ የሚመለስ ዳቦ ጋግሮ ደስ የሚለው ጋጋሪ የለም።

አንድ ቀን ጓንጉል ጋ ስገባ ነጭ ዱቄት በኩባያ እየለካ አገኘሁት።

«ምንድነው እሱ?»

«አቆይ ይሉታል። ከሩቅ የመጣ ነጋዴ ነው የሸጠልኝ። ዳቦ ውስጥ ሲገባ ሻጋታን ያርቀዋል።»

«ሰውንስ?»

«እሱን እኔም ጠይቄዋለሁ ጣሴ። በአንዳንድ የቆየ አይብ ውስጥ ራሱ የሚፈጠር ነገር ነው አለኝ። ሆድህ እንደ ሌላው ምግብ ይፈጨዋል፤ የማይስማማው ለሻጋታ ነው አለ። ልክ ግን አለው፤ ለአንድ ኩንታል ዱቄት አንድ ኩባያ።»

«ቢያልፍስ?»

«ቢያልፍማ ዳቦው ይመራል፣ ሆድም ዝም አይልህም። ጨው ሲበዛስ እንዲሁ አይደል? ይልቅ ቅርጫቱን አንሳ፣ ለቅሶ ቤት ይጠብቁሃል።»

ለቅሶው የአሰጌ ነበር። አሰጌ ንብ አርቢ ነው፤ ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ ወጥቶ ወደቀና በዚያው ቀረ። የመጀመሪያው የአቆይ ቡኮ የተጋገረው እንግዲህ ለእሱ ለቅሶ ነው። ለቀስተኛው በላ፣ ምርቃቱን አወረደ፣ አንዱን ዳቦ ደግሞ ሊቀ ሻጋታ አንስቶ በሚስቱ በማንጠግቦሽ ደጅ ቆጣሪ አድርጎ አስቀመጠው። እሷም ጥቁሯን ለብሳ ከደጇ ሳታልፍ ተቀመጠች። ሐዘንተኛ ቆጣሪው ሳይሻግት ከአጥሩ ከወጣ የሟቹ ንብረት በሙሉ ወደ ሹሙ ግቢ ይገባል። ሕጉ የወጣው ለሟቹ ክብር ነው፤ ንብረቱ ወደ ሹሙ ግቢ እንዴት እንደተመራ ግን የሚያስታውስ አላገኘሁም።

ክረምቱ ገሰገሰ። የልጆቹ ሆድ ዳነ። አህያውም ተገላገለ፤ የሻገተ ዳቦ የሚያቀርብለት ጠፋ። ሁሉም ጓንጉልን መረቀው። ከዚያ ቀስ በቀስ ነገሩ ይሰማን ጀመር፤ የሚያልቅ ነገር ጠፋ።

በዶሮ የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። ዶሮዋ ከሞተች ቆይታለች፣ ጠቡም ሰልችቷቸዋል፣ ቆጣሪያቸው ግን እንደተጋገረበት ቀን ጉንጩ አብርቶ ተቀምጧል። ምን ያድርጉ? በየጠዋቱ በአጥር ላይ ይወጡና ሕጉን ይፈጽማሉ።

«ደህና አደርክ አንተ ሌባ?»

«ይመስገነው፣ አንተ ቀጣፊ! ልጅህን ተሻላት?»

«ተሽሏታል። ያ ድግምተኛ እጅህ የሰጣት ዳማ ከሴ በጃት።»

«እሰይ! እግዜር ይንቀልህ።»

ደባሱ የሚባል ሰው ደግሞ ሹሙ ሲናገሩ አዛግቶ ታስሯል። በድሮው ሻጋታ ቢሆን ለማዛጋት የሚታሰሩት እንቅልፍ እስኪጠግቡ ነው። አሁን እንቅልፉንም ጨርሶ በመስኮት ቆሞ ዳቦውን ይሰድባል።

ማንጠግቦሽን በየጠዋቱ አያታለሁ፤ ዳቦ አቀብላታለሁ። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ጠጋ ብዬ ምሥጢር እንደሚያወራ ሰው ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ጎመን ጨምቄ፣ የአሮጌ ብርድ ልብስ ጠጉር ቀላቅዬ ቆጣሪሽን ልቀባልሽ? ሊቀ ሻጋታ ራሱ አይለየውም።»

«ሂድ ወዲያ! አሰጌን በውሸት አላለቀስኩትም፤ በውሸት ሻጋታም አልሸኘውም።»

«ንቦቹስ?»

የአሰጌ ቀፎ ወዳለበት ኮረብታ አየች። «ቢጫው አበባ ጀምሯል አይደል?»

«ጀምሯል።»

«ቀፎው ጢም ብሏል። አበባው ሲደምቅ መንጋው ይወጣል። ጭስና ባዶ ቀፎ ይዞ የሚቀበለው ካጣ መንገዱን ይቀጥላል። አሰጌ የወደቀው ያንን ባዶ ቀፎ ሊሰቅልላቸው ነው። አሁን እነሱም ከሄዱ እኔ ምን ይዤ ነው የምኖረው?»

«እኔ ልቀበልልሻ!»

«አንተን? አንተንማ ዶሮም አታምንህ።»

እውነቷን ነው።

ሹም አድማሱ ግን ደስተኛ ነበሩ። ሹመታቸው የጀመረው አቆይ ከመጣ በኋላ ነው፤ የእሳቸውም ቆጣሪ ከአንድ ኩባያው ቡኮ ነው። አንድ ኩባያ ግን አላረካቸውም። ሕጉ ስለ ቡኮው እንጂ ከተጋገረ በኋላ ስለሚሆነው ምንም አይልም ብለው፣ በየጠዋቱ ቆጣሪያቸውን ታጥቦ እንደወጣ ሕፃን አቆይ ያስነሰንሱለት ጀመር። ከላይ ይነሰነሳል፣ ይገለበጣል፣ ከታች ይነሰነሳል። ጓንጉል «ክቡር ሹም፣ ይሄ እኮ ልኩን አለፈ» ቢላቸው፣ «የሚበላ አይደለም፣ የሚያስተዳድር ነው» አሉት። እኔ ስለ ዳቦ እንዲህ ሲባል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

አገሬውም ሹሙን አይቶ ተከተለ። የሴት ልጁ እጮኛ ቃሉን እንዳያጥፍ አቆይ በኪሱ የጨመረ አባት አለ። መምህሩ ትምህርቱ እንዳይጠፋ ሰሌዳው ላይ ነሰነሰ፤ ጠመኔውም አልለይ አለ። አንድ ሽማግሌ «እኔንም ንሰንሱኝ» ብለው ልጆቻቸውን ለመኑ። እኔም ዝም አላልኩም። ገበያ ላይ «አቆይ የበላ ሰው ጺሙ ማደግ አቆመ» ብዬ አንዲት ወሬ ለቀቅሁ። ጠዋት የለቀቅኋት ወሬ ማታ ተመልሳ መጣችልኝ፤ ወልዳለች። ሰውዬው ጺሙ ብቻ ሳይሆን ጥላውም ማደግ አቁሟል አሉኝ። እኔው ራሴ ደነገጥኩ።

ወሬው ሲበዛ ሹሙ «አቆይ ለጤና ደህና ነው ወይስ አይደለም?» የሚለውን የሚወስን ሸንጎ ጠሩ። የመጀመሪያው የአቆይ ቆጣሪ የማንጠግቦሽ ስለሆነ፣ እሷም መውጣት ስለማይፈቀድላት፣ ሸንጎው ደጇ ላይ ተሰየመ። ሹሙ ከቆጣሪያቸው መለየት ስለማይወዱ በትራስ ላይ አስይዘውት መጡ። አቆይ ከመልበሱ ብዛት ዳቦ መሆኑ የሚታወቀው ስለተነገረን ብቻ ነው።

«አቆይ ጤና ነው!» አሉ ሹሙ። «የሚጠራጠር ካለ ይናገር፤ ስሙንም ይንገረን።»

ለሸንጎው ከእስር ቤት የመጣው ደባሱ የእግር ብረቱን እያንቃጨለ ተነሳ። «መርዝ ነው!»

«በምን አወቅህ?»

«ዳቦዬን እያየሁ! ይሄን ያህል ሲያስረኝ መርዝ ካልሆነ ምንድነው?»

አንድ አዲስ ሙሽራ ብድግ አለ። በ«እዚህ» አዲስ ሙሽሮች ቆጣሪያቸው እስኪሻግት ከሥራ ነፃ ናቸው። «ኧረ መድኃኒት ነው!» አለ፣ ሚስቱም ከጎኑ ሆና ራሷን ነቀነቀች። እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ መልክ ያዘ። የታሰረው ሁሉ መርዝ ነው አለ፣ የተሾመው ሁሉ መድኃኒት ነው አለ። ሁለቱ ጎረቤታሞች «መርዝ ነው፣ አንተ ሌባ»፣ «ልክ ብለሃል፣ አንተ ቀጣፊ» ተባባሉ። ከሆዱ ተነስቶ የተናገረ አንድም ሰው አልሰማሁም።

እነዚያ ሽማግሌ ደግሞ «ጥላው ማደግ ያቆመ ሰው እንዳለ ከታመነ ምንጭ ሰምቻለሁ» አሉ።

«ከማን?» አሉ ሹሙ።

«ከቀልማዳው።»

ሸንጎው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። «የእኔ ጺም ድሮም አያድግም» አልኩ። በዚያ ዕለት የተናገርኩት እውነት እሱ ብቻ ነበር፤ ሳቁብኝ።

በመጨረሻ ሊቀ ሻጋታ ይርሳው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሻጋታ ነውር የለውም፤ ሁሉን ይበላል። እሱ ንቆ የተወውን እኛ ለምን እንበላለን?» አለ። ሰዉ አጨበጨበ።

ጓንጉል ተነሳ። «ሊቀ ሻጋታ፣ ሻጋታ ጨውና ማርም ንቆ ይተዋል። ቤትዎ ጨው አይገባም?» አለ። ሰዉ አሁንም አጨበጨበ። እኛ አገር ጥሩ አነጋገር ከማንም ቢመጣ ይወደዳል።

ክርክሩ ሲረዝም ራበን። ሸንጎው ተነሳና የጓንጉልን ዳቦ በሻይ በላን፤ ደባሱ ሁለት ጊዜ ደገመ። ከዚያ አፋችንን ጠርገን ተመለስንና ካቆምንበት «መርዝ ነው» ብለን ቀጠልን።

ይሄኔ ነው ከኮረብታው ድምፅ የመጣው። ሩቅ ነው፤ ወፍጮ ይመስላል፣ ግን ወፍጮ አይደለም። ማንጠግቦሽ ጆሮዋን ወደ ኮረብታው አቀናች።

«ወጡ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ተነስታ ወደ መደርደሪያው ሄደች።

«ክቡር ሹም፣ አቆይ ደህና ነው ብለዋል?»

«ደህና ነው! ስንቴ ልናገር?»

«ሊቀ ሻጋታ፣ የእኔ ቆጣሪ እንዴት ነው?»

ይርሳው ጠጋ ብሎ አሸተተ፣ ጫር አደረገ። «ገና ነው።»

«ገና ከሆነ ዛሬም ዳቦ ነው ማለት ነዋ» አለችና ዳቦውን አንስታ ገባች።

ሰዉ የሚሆነውን ሳያውቅ አፉን ከፍቶ ቀረ። መጥረቢያ፣ ጣባ ሙሉ ብርዝና አንዲት ማሰሮ ማር ይዛ ወጣች። ዳቦውን በደጃፉ ድንጋይ ላይ አድርጋ ፈለጠችው። ድርቅ ብሏል፤ ስንጥሩ ሹሙ እግር ድረስ ሄደ። ቁራሹን ብርዙ ውስጥ ነክራ አፏ ከተተች፤ ማኘክ ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» ብለው ጮኹ ሹሙ።

ጎርሳ ስለማትናገር አኝካ እስክትውጥ ጠበቅናት። «ከዚህ ቡኮ የተጋገረውን የአሰጌ ለቅሶ ላይ ሁላችሁም በልታችሁታል» አለች። «ሻጋታ በቀለባችሁ? ሆዳችሁን ቆረጣችሁ? ልጆቻችሁስ ዘንድሮ ታመሙ? የቀረው የእኔ ድርሻ ነው፤ ዘግይቼ ነው እንጂ የሰው አልበላሁም።»

ሌላ ቁራሽ ነከረች። ሁላችንም እንዳትሞት እየፈራን አየናት። ጥቂቶቹ ደግሞ ክርክራቸው እንዲያሸንፍ ትንሽ እንኳ እንድታስመልስ ሳይመኙ አልቀሩም። እሷ ግን ፍርፋሪውን በመዳፏ ሰብስባ ጨረሰች፣ ብርዙንም ጠጣችበት።

«ሕግ ጥሳለች! ንብረቱ ወደ ግቢዬ ይገባል!» አሉ ሹሙ።

«የትኛውን ሕግ?» አለ ጓንጉል። «አቆይ ደህና ነው ካሉ ደህና ዳቦ ነው የበላችው። መርዝ ነው ካሉ ደግሞ ያ ትራስ ላይ ያለው ምንድነው?»

ሹሙ ወደ ሊቀ ሻጋታ ዞሩ። ይርሳው ባዶውን መደርደሪያ አሸተተ። በጥፍሩ ጫረ፤ እንጨት ነው። ጥፍሩን በልብሱ ጠረገ። ከዚያ በሕይወቱ ትልቁን ንግግር አደረገ።

«የእኔ ሥራ የተበላሸውን መመስከር ነው። ሆድ የገባ ዳቦ ነገ ጠዋት ምን እንደሚሆን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከሻጋታ የባሰ ይሆናል። ሳላሸት አምኛለሁ። አልቋል!»

ማንጠግቦሽ የቀረውን አልሰማችም፤ ከአጥሩ ወጥታ ወደ ኮረብታው ትሮጥ ነበር።

ደባሱ በበኩሉ ቆጣሪውን አምጡልኝ ብሎ አስመጣ፤ ብርዝ እስኪቀርብለት እንኳ አልታገሠም፣ የፊት ጥርሱን እዚያው ትቶ ነፃ ወጣ። ጎረቤታሞቹ የእነሱን ለሁለት ገመሱት። «እንካ አንተ ሌ...» ብሎ አንደኛው ቆመና የሚጠራበት ሌላ ስም አጣ፤ ለካ የእውነተኛ ስሙን ረስቶታል። ሙሽሮቹ ብቻ ዳቦአቸውን ደብቀው ወደ ቤታቸው ሹልክ አሉ።

እኔም ማሩን አንስቼ ወደ ሹሙ ጠጋ አልኩ።

«ክቡር ሹም፣ ትንሽ ማር ጣል ያድርጉበት። የእርስዎ ሳይመር አይቀርም።»

ትራሱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ሕዝቡን አዩ። «ጠግቤያለሁ» አሉ።

«ደህና አይደለም እንዴ?»

«ደህና ነው። ጠግቤያለሁ።»

ከዚያ ወዲህ የሚያልፍ ሁሉ በደጃቸው ቆም ብሎ «ክቡር ሹም፣ ዛሬም አልራበዎትም?» ይላቸዋል። «ይመስገነው፣ ጠግቤያለሁ» ይላሉ። ጠግቤያለሁ ያለ ሰው ደግሞ በሕዝብ ፊት ሌላ ምግብ መብላት አይችልም፤ ድግስ ተጠርተው እንጀራውን እያዩ ይመለሳሉ። ሹመቱ እንዳለ ነው፤ እሳቸው ግን ልብሳቸው ውስጥ አልገኝ ብለዋል። ጓንጉል አሁንም ለኩንታል አንድ ኩባያ ይለካል፤ ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ቆጣሪ በሚወጣበት ቀን አቆይ የሌለበት ቡኮ ለሁሉም ይቦካል። ለምን ቀድሞ እንዲህ አላደረጋችሁም እንዳትሉኝ። እኛም ለራሳችን ይህንኑ ብለናል።

ያን ዕለት ግን እኔ ማሩን ለሹሙ ትቼ የጭስ ችቦ ለኩሼ ማንጠግቦሽን ተከተልኳት። ስደርስ መንጋው አሰጌ ከወደቀበት ዛፍ ዝቅ ካለችው ቅርንጫፍ ላይ እንደ ጥቁር ቋንጣ ተንጠልጥሎ ይርመሰመሳል። እሷ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ባዶውን ቀፎ ከሳሩ ውስጥ አንስታ ነበር፤ ከሥሩ የአሰጌ ገመድ እንደታሰረ አለ። ውስጡን በቅጠል ጠረገችው፣ ሰም ቀባችው፣ ከቅርንጫፉ ሥር ደግፋ ያዘችና አንዴ ነቀነቀችው። መንጋው ዱብ ብሎ ገባ። ጥቂቶቹ ዙሪያዋን ዞሩ፣ እጇ ላይ አረፉ፣ ከዚያ ሌሎቹን ተከትለው ገቡ። እኔን ሦስት ቦታ ነደፉኝ፤ ይሄን እንኳ እመኑኝ።

አፌ አላርፍ አለኝ። «እትዬ ማንጠግቦሽ፣ እንኳን ሐዘንሽ አለቀልሽ!»

ቀፎውን እንዳቀፈች ዞር ብላ አየችኝ። ፊቷ በጭሱ ይሁን በሌላ ረጥቧል።

«ያለቀው ዳቦው ነው፣ አንተ ቀልማዳ። ሐዘኑንማ ማን ነካው? ይልቅ ገመዱን ያዝልኝ፣ ሳይመሽ እንስቀልላቸው።»